ቲሸርቱ ላይ የቀረው እጅ

«የስምንተኛ ለ ክፍል የመሰናበቻ ቲሸርት ዓቢይ ኮሚቴ፣ ዛሬ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አብነት ሰፈር በሚገኘው ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤቱ ባካሄደው አስቸኳይ ስብሰባ፣ ካውያው በበቂ ሁኔታ መጋሉን በሙሉ ድምፅ አጽድቋል።»

መግለጫውን በዜና አንባቢ ድምፅ ያሰማችው የኮሚቴው ጸሐፊ ነጅማ ነበረች። ጽሕፈት ቤት የተባለው የእነ በሱፍቃድ ቤት ሳሎን ነው፤ ሙሉ ድምፅ የተባለውም ሦስት ሰው። ሰብሳቢው በዕውቀቱ ሶፋው ላይ ተንጋሎ ስልኩን ይነካካል። ሥራውን የሚሠራው በሱፍቃድ ብቻ ነው፤ በኮሚቴ ወግ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

በሱፍቃድ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አጥፎ አንጥፏል። ከብርድ ልብሱ በላይ ነጭ ቲሸርት፣ ከቲሸርቱ በላይ ደግሞ ፎቶ የታተመበት፣ በካውያ ሙቀት ጨርቅ ላይ የሚለጠፍ ትራንስፈር ወረቀት በፊቱ ተደፍቷል። ወረቀቱን ያሳተመው ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ ሰርክ የሰው አቤቱታ ሲያትም ከሚውል ሱቅ ነው። ካውያውን ያለ እንፋሎት፣ ክብደቱን ጥሎ፣ ከመሀል ወደ ዳር ይጫናል።

«ቶሎ በል አቦ፣ መብራት ሳይጠፋ!» አለ በዕውቀቱ።

«መብራቱን እናንተ በስብሰባ ያዙልኝ።»

ወረቀቱን ከጥጉ ይዞ ቀስ እያለ ላጠው። መጀመሪያ የክፍሉ ስም፣ ቀጥሎ መስከረም ላይ በትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ የተነሱት የቡድን ፎቶ ብቅ አለ። አርባ ምናምን ልጅ፣ ሁሉም ጥርስ በጥርስ ሆኖ። ነጅማ ማጨብጨብ ጀምራ አቆመች።

«በሱፌ፣ ትከሻህ ላይ ያለው የማን እጅ ነው?»

ጎንበስ ብሎ አየ። እውነትም ፎቶው ውስጥ ባለው በሱፍቃድ ቀኝ ትከሻ ላይ አራት ጣቶች ተቀምጠዋል። የጣቶቹ ባለቤት ግን የለም። ከጎኑ ያለው ደረጃው ብቻ ነው።

«የሙለታ ነው» አለ በዕውቀቱ ከሶፋው ሳይነሳ። «እሱን በአፕ አጠፋሁት፤ እጁ አምልጦኝ ነው። ጣጣ የለውም።»

«ለምን አጠፋኸው?» አለ በሱፍቃድ።

«ከክፍላችን ወጥቷል አይደል እንዴ? ደግሞ ፈተና የሰረቀ ልጅ ደረቴ ላይ ለጥፌ ልዙር? ፋራ አትሁን ጀለሴ!»

«ግን የእውነት ሰርቆ ነው?» አለች ነጅማ።

«ሰርቆ ነዋ! በሱፌም ያውቃል።»

በሱፍቃድ በእርግጥ ያውቃል። ጥር ላይ በዕውቀቱ ሰው የሌለበት የመምህራን ክፍል ገብቶ የሒሳብ ፈተናውን በስልኩ ሲያነሳ፣ ደጅ ቆሞ ሰው እንዳይመጣ የጠበቀለት እሱ ነው። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ተደረሰበት። የዚያን ቀን የመምህራኑን ክፍል የማጽዳት ተራ የሙለታ ስለነበር ጥርጣሬው ሁሉ እሱ ላይ አረፈ። የተማሪውን ሥነ ምግባር የሚከታተሉት ዩኒት ሊደር መምህር ገብረጊዮርጊስ በሱፍቃድን ጠርተው «ሌላ ሰው ሲገባ አይተሃል?» ብለው ጠየቁት።

«አላየሁም» አለ።

የሙለታ አባት አፍረው ልጃቸውን ሌላ ትምህርት ቤት አስገቡት። ሙለታ በሄደበት ቀን በሱፍቃድን አቅፎ፣ «አንተ እንኳን እንደማላደርገው ታውቃለህ» ብሎት ነበር። በሱፍቃድ ምን ብሎ እንደመለሰለት አያስታውስም።

«እጁን አጥፍቼ አሁኑኑ እልክልሃለሁ» አለ በዕውቀቱ እየተነሳ። «ሱቁ ሳይዘጋ አሳትምና ነገ ሁሉንም ጨርስ።»

ነጅማ ስብሰባው በሰላም መጠናቀቁን አብስራ ተከተለችው። አሁን ግን ድምፅዋ እንደ ዜና አንባቢ አልሆነላትም።

ፎቶው በስልኩ የመጣው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ንጹሕ ሥራ ነበር። ጣት የለ፣ ጥላ የለ። በሱፍቃድ ብቻ አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ ከባዶ ደረጃ ጋር ይስቃል። የሳቀበት ነገር ትዝ አለው። ሙለታ በጆሮው የነገረው ቀልድ ነበር፤ ቀልዱ ራሱ አያስቅም፤ ያሳቀው ሙለታ ሳይጨርሰው በራሱ ቀልድ ቀድሞ መሳቁ ነው። ፎቶውን አጉልቶ አየ፣ አሳንሶ አየ። እጁ እዚያው ቀርቶ ቢሆን ይሻል ነበር።

ሱቁ ደርሶ ስልኩን ለባለሱቁ ሲሰጥ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ከፍቶ ነበር፤ በዕውቀቱ ያጸዳውንና ከክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ያወረደውን ዋናውን።

«የቱን ላትም ማሙሽ?»

በሱፍቃድ ሁለቱን ፎቶዎች አፈራርቆ አየ። ከኋላው ፋይል በብብታቸው የያዙ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወስን እንጂ፤ ልዘጋ ነው» አለ ባለሱቁ።

በሱፍቃድ በጣቱ ነካለት።

እሑድን ሙሉ ሲተኩስ ዋለ። ሰኞ ጠዋት ቲሸርቶቹን በማዳበሪያ ተሸክሞ ክፍል ገባ። ነጅማ ማደል ስትጀምር ከኋላ ወንበር አንዱ «ውይ፣ ሙለታ!» ብሎ ጮኸ። እውነትም ሙለታ ነበር፤ ሙሉ ሰው፣ በየደረቱ ላይ አፉን ከፍቶ የሚስቅ። በዕውቀቱ የራሱን ቲሸርት ዘርግቶ አየና ፊቱ ተለዋወጠ። በሱፍቃድን ፈልጎ ያገኘው ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ቲሸርት በብብቱ ይዞ ወደ መምህር ገብረጊዮርጊስ ቢሮ ሲሄድ ነው።

«ምንድነው የሠራኸው? ኮሚቴው የወሰነውን…» አለና ቢሮውን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቆይ፣ የት ልትገባ ነው? በሱፌ፣ ሚኒስትሪ ፈተና ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ብትናገር እኔ ብቻ አይደለሁም የምባረረው። አንተም እኮ ደጅ ቆመህ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው? አስፈራርተውህ ነው? ቢያንስ አስረዳኝ!»

በሱፍቃድ የቢሮውን በር አንኳኳ።

«አላስረዳህም» አለ።