የመጨረሻዋ ስንዝር

ሸማኔዋ እማማ ካምፉን በጓሮው ደረጃ ሥር ተደፍተው የተገኙት አመሻሽ ላይ ነው። ያገኛቸው ከባንኮክ የመጣው ዲዛይነር ፓኮርን ሲሆን፣ አጠገባቸው የወደቀውን ነጠላ ጫማ አንሥቶ እንደያዘ ሰው ደረሰበት። ጫማው ለሆቴል እንግዶች የተሠራ ናሙና ነው፤ የተለበጠውም በእማማ የዘንዶ ጥለት ነው። የቤተ መቅደሱ ቅዱስ መጽሐፍ በሚጠቀለልበት ጨርቅ ላይ ያለውን ዘንዶ ማን ይረግጠዋል? መንደሩ ሌላ ማስረጃ አልፈለገም፤ በጫማው ተጣልተው ገፍትሮ ገደላቸው ብሎ ፈረደበት።

ጉዳዩን የያዘው ፖሊስ ሻምበል ዊሩት ግን ለፍርድ የማይቸኩል ሰው ነው። የእማማ ጎረቤት ሴንግዳ የመሸመኛው ድምፅ እስከ እኩለ ቀን እንዳላቋረጠ ነገረችው። ከዚያ በኋላ የልጅ ልጃቸው ፒምቻን ገበያ ነበረች፤ ወደ ቤቱ የመጣው ፓኮርን ብቻ ነው።

«ፒምቻን አትሸምንም?» አላት።

«እሷ? እማማ ስንት ዓመት ለፉባት። ክር ስትይዝ ክሩ ራሱ ያዝናል።»

ሻምበሉ መነጽሩን አድርጎ መሸመኛው ላይ የተወጠረውን ጨርቅ ብዙ መረመረ። ከዚያ ፓኮርንን፣ ሴንግዳንና ፒምቻንን በምሰሶዎች ላይ ከቆመው ቤት ሥር፣ መሸመኛው ዘንድ ሰበሰባቸው።

«የእማማን ዐይን ሞራ ጋርዶት ነበር» አለ። «ይህ ማግ፣ አግድም የሚወረወረው ክር፣ ሳይሸመን በፊት ሥዕሉ እንዲወጣበት ተቋጥሮ ቀለም የተነከረ ነው፤ በየውርወራው እየሳቡ ካላገጣጠሙት ሥዕሉ ይንሻፈፋል። የእሳቸው ዘንዶዎች ይኸው ደብዝዘዋል። አሁን የመጨረሻዋን ስንዝር እዩ።»

ጎንበስ ብለው አዩ። የዘንዶው ቅርፊት አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«ይህ የእማማ እጅ አይደለም። እሳቸው ጠዋት ሞተዋል፤ በሕይወት እንዳሉ ለማስመሰል እስከ እኩለ ቀን የሸመነው ሌላ ሰው ነው። ፓኮርን መሸመን አይችልም። ሴንግዳ ደጇ ላይ ሆና ስትሰማ ነበር። ቤት ውስጥ የነበርሽው አንቺ ነሽ ልጄ።»

ፒምቻን አልካደችም። መሸመን መቻሏን የደበቀችው ዕድሜዋን እዚያ ወንበር ላይ እንዳትጨርስ ፈርታ ነው። ጥለቱንም አያቴ ፈቅዳለች ብላ ለፓኮርን የሸጠችው እሷ ናት።

«ደረጃው ላይ አያቴ ፓኮርን የሰጠኝን ጫማ እጄ ላይ አየችው። ልትነጥቀኝ ጎተተች፣ እኔም ጎተትኩ። ከዚያ ለቀቅኩት፤ ወደቀች» አለች።

«አበላሽተሽ ብትሸምኚው ኖሮ ማንም አያውቅብሽም ነበር» አላት ሻምበሉ።

«ሞከርኩ። ዘንዶውን ማበላሸት አልቻልኩም።»

እማማ ይህችን ስንዝር ለማየት ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠብቀው ነበር። ነገሩ የሚያንገበግበው እዚህ ላይ ነው።

ሻምበሉ ጨርቁን ለማስረጃ ቆርጣ እንድትሰጠው ሴንግዳን ጠየቃት። መቀሱን ያዘች፤ የት እንደምትጀምር ግን አጣች። ፒምቻን ተቀበለቻትና ራሷ ቆረጠችው። አንድም ዘንዶ አልነካችም።