የፊርሚኖ ደምና የወል መሬቱ ፊርማ

ሳጅን ቬንቱራ በካርቫሌዳ መንደር የሃያ ሦስት ሰው ቃል ሲቀበል ዙልሚራን ዘሏት አለፈ። ፊደል አልቆጠረችም፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፣ በዚያ ላይ የተጠርጣሪው እናት ናት፤ ምን ልታውቅ! ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ በማዕድን ጉድጓድ አፍ ላይ ድንጋይ ስትለይ ማደጓን የጠየቃት የለም። ሟቹ የተገደለው ደግሞ በድንጋይ ነበር።

የመንደሩ የወል መሬት ኮሚቴ ሰብሳቢ ፊርሚኖ ረቡዕ ጠዋት ሊቲየም የተባለ ማዕድን ሊቆፍር በመጣው ኩባንያ የናሙና መጋዘን ውስጥ ተዘርሮ ተገኘ። ግንባሩ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አንድ ዓይኑ ፈስሷል፤ ጥርሶቹ እስከ በሩ ድረስ ተበትነዋል። የዙልሚራ ልጅ አዴሊኖ የመጋዘኑ ሠራተኛ ነው፤ ቁልፍ አለው፤ እሑድ ዕለትም ከፊርሚኖ ጋር አንገት ለአንገት ተናንቆ ነበር። መንደርተኛው ፖሊስ አልጠበቀም። አዴሊኖን ከአልጋው ጎትቶ አደባባይ ላይ ጣለውና ረገጠው። መጀመሪያ የረገጠው ቤልሚሮ ነው፤ የመንደሩ አሳማ አራጅ፣ የፊርሚኖ ምክትል፣ «ማዕድን አውጪ ከዚህ ይጥፋ!» እያለ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው። ሳጅኑ ሲደርስ የአዴሊኖ ሁለት የጎን አጥንት ተሰብሯል። እሱኑ በካቴና አስሮ ወሰደው።

አርብ ማለዳ ዙልሚራ የሳጅኑ መኪና ፊት ቆመች።

«አንተ ልጅ፣ መጋዘኑን አሳየኝ።»

«እማማ፣ ይህ የሕግ ሥራ ነው።»

«ልጄ የተመታበትን ነገር አገኘህ?»

«የቱ ልጅዎ?»

«ፊርሚኖ ማለቴ ነው፤ እሱንም ጡት አጥብቼዋለሁ። አገኘህ ወይ?»

ሳጅኑ ወደ መኪናው በር ዞረ።

«አላገኘህም። ውሰደኝ!»

መጋዘኑ ውስጥ የኩባንያው የድንጋይ ባለሙያ ሊዮኖር ነበረች፤ ድንጋይ ተወርውሮባት ከንፈሯ አብጧል። በረጃጅም ሳጥኖች ከምድር ሆድ በመሰርሰሪያ የወጡ፣ እንደ ዱላ ሞላላ የሆኑ ድንጋዮች ተደርድረዋል። ዙልሚራ እያንዳንዱን በጣቷ እየዳበሰች ሄደች። አቧራ፣ አቧራ፣ አቧራ። አንዱ ጋ ቆመች።

«ይሄ ታጥቧል። አሽትተው።»

ሳጅኑ ጎንበስ አለ። «ኮምጣጤ!»

«ጫፉንስ አየኸው? ድንጋይ ሲሰበር ቁራጭና ቁራጭ እንደ መንጋጋ ይገጥማል። ይሄ ግን አይገጥምም፤ ተገልብጦ ነው የገባው።»

ሊዮኖር ድንጋዩን አዙራ ስታስገባው ግጥም አለ። «እውነታቸውን ነው። እኔም አዴሊኖም ዓይናችንን ጨፍነን አንሳሳተውም።»

«ሆን ብሎ ቢገለብጠውስ?» አለ ሳጅኑ።

«አገባቡን የሚያውቅ ሰው ሊደብቀው ከፈለገ በትክክል ያስገባዋል፤ ግልብጥ ነገር ዓይን ይስባልና» አለች ዙልሚራ። « ቁልፍ ካልከኝ፣ መጋዘኑ በወል መሬቱ ላይ ነውና ፊርሚኖም ነበረው፤ ገዳዩን ከፍቶ ያስገባው ራሱ ነው።»

ከድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ሳጅኑ ደም የደረቀበት የሽበት ፀጉር ጎትቶ አወጣ። ከዚያ ወዲያ አልተከራከራትም።

ቀጥለው ወደ መጠጥ ቤቱ ሄዱ። ባለቤቱ ሆራሲዮ የፊርሚኖ የወንድም ልጅ ነው፤ ከፈረንሳይ ከተመለሰ ጀምሮ ከአጎቱ ጋር አይነጋገሩም ነበር።

«ረቡዕ ጠዋት የት ነበርክ?» አለችው።

«እዚሁ። ቤልሚሮን ጠይቂው፣ እትዬ፤ የዚያን ዕለት ማለዳ ገብቶ ሁለት ሳህን ሾርባ ከነዳቦው ጠራርጎ በላ።»

«ቤልሚሮ? ያን ቀን አርዶ ነበር አሉ።»

«አዎ፣ እጁ እስከ ክርኑ ደም ነው። ከተራራው ማዶ ነው የመጣሁት አለኝ።»

«ሥጋ ይዞ ነበር?»

«ቢላዋዎቹን ብቻ።»

ዙልሚራ ሳጅኑን አየችው። «ሰዎቹን ሰብስብልኝ» አለች።

ረፋድ ላይ በመንደሩ አዳራሽ ሁሉም ተሰበሰቡ። ቤልሚሮ ከፊት ነበር።

«ነፍሰ ገዳይ የወለደች አሮጊት ደግሞ ዳኛ ልትሆን ነው?»

«አፍህን ያዝ!» አለች ዙልሚራ፣ ወደ ሊዮኖርም ዞራ። «አንቺ ልጅ፣ አዲሱ ሕግ ስለ ወል መሬታችን ምን ይላል? እንደ መጽሐፍ ሳይሆን እንደ ሰው ንገሪኝ።»

«ያለ ሰብሳቢው ፊርማ አንቆፍርም» አለች ሊዮኖር። «ፈቃዳችን ዛሬ ያበቃል፤ ፊርሚኖ ደግሞ አልፈርምም ብሎ ነበር።»

«ሰብሳቢው ሲሞትስ?»

«ምክትሉ ይፈርማል።» ድምፅዋ ቀነሰ። «ትናንት ፈርሟል።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ዙልሚራ በከዘራዋ ወለሉን መታች።

«ዝም በሉ፣ አልጨረስኩም! የአሳማ ደም እንዳይረጋ በኮዳ ኮምጣጤ ይዞ የሚዞር ከአራጅ ሌላ ማን አለ? ድንጋዩን ያጠበው ያ ኮምጣጤ ነው። አገባቡን ስላላወቀ ገልብጦ መለሰው። ከዚያ በደም ተነክሮ በመካከላችሁ አለፈ፤ አራጅ ነውና ማንም ‹የማን ደም ነው?› አላለውም።»

«ከማዶ አርጄ ነው!»

«አርደህ? ለአራጅ ጉበት ይጠበስለታል፣ ወይን ይቀዳለታል፣ ድርሻውን ተሸክሞ ይሄዳል። አራጅን በባዶ ሆዱ የሸኘ ሰው በዚህ ተራራ በሀፍረት አገር ይለቃል። አንተ ግን ባዶ እጅህን መጥተህ የሆራሲዮን ሾርባ ስትጠጣ ነበር። የማንን አሳማ ነው ያረድከው? ስም ጥራ!»

«ቢላዋ እያለው ለምን በድንጋይ?» አለ ሳጅኑ።

«የሱን የቢላዋ አወጋግ ሁላችንም እናውቀዋለንና፤ ወዲያው ይታወቅበት ነበር!» አለች ዙልሚራ።

ቤልሚሮ ፊቱ ጠቆረ። «መሬቱን ሕጉ ዛሬ ባይወስደው ነገ ይወስደዋል! ፈርምና ገንዘቡን እንውሰድ ብዬ ለመንኩት፤ ሳቀብኝ። እላዬ ላይ ሳቀብኝ!»

ቢላዋውን መዝዞ ወደ ዙልሚራ ዘለለ። ስለቱ ጉንጯን ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ ቀደደው። ሆራሲዮ በርጩማ አንስቶ የእጁን አንጓ መታው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰማ። ሲወድቅ ሕዝቡ ወረደበት፤ ሳጅኑ ሽጉጡን ወደ ጣሪያው ተኩሶ ነው ያስጣለው።

ሊዮኖር መሐረብ ይዛ ወደ ዙልሚራ ሮጠች። ዙልሚራ በእጇ ገፋ አደረገቻትና ደሟ በአንገቷ እየወረደ ወደ ሳጅኑ ሄደች።

«አሁኑኑ ሂድና ልጄን አምጣልኝ። በጓሮ እንዳታስገባው፤ በአደባባዩ በኩል፣ የረገጡት ሁሉ ቆመው እያዩ። ካቴናውንም አንተው ራስህ ትፈታለህ።»