የድንጋይ ቆራጯ ቂም

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ ጅራቱ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ ምላሴ ድንጋይ ይሁን። ያላመነ ይጠይቅ፤ የሚጠየቅ ሰው ካገኘ።

እሷ ድንጋይ ቆራጭ ናት። በማዕድን መመርመሪያው ምድር ቤት ተቀምጣ፣ ድንጋይ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ትፍቃለች። ከፀጉር ይቀጥናል። እሱ ፎቅ ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ነው። አንድ ቀን ድንጋይ ሊያስቆርጥ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ጠጠርም ሰበብ እያደረገ ይወርድ ጀመር።

በፍቅራቸው መሀል ነው ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብላ ያየችው። እሱ ያመጣውን ድንጋይ በሰነጠቀው ነጭ መስመር ግራና ቀኝ ጥቁሩ ማዕድን አረንጓዴ ሆኗል፤ ራቅ ሲል ግን እንደ ጥንቱ ጥቁር ነው።

«ይሄ ድንጋይ አልቀለጠም» አለችው። «ምድር ሆድ ውስጥ ተጨቁኖ ሳለ ትኩስ ውሃ በስንጥቁ ገባ። አንዱን አጥቦ ወሰደ፣ ሌላውን አስቀመጠ። የለወጠው ውሃው ነው።»

እሱ እያንዳንዱን ቃሏን ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ያ ትጋት ፍቅር መስሏት ነበር።

በወሩ እሱ የጻፈው ሪፖርት ሲወጣ ግኝቷ አለ፣ ስሟ የለም። አለቃው የቆራጭ ስም አይጻፍም ብለውት፣ እሺ ብሎ ኖሯል።

አላለቀሰችም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እሷ ግን ሳሉንም ቂሙንም ውጣ፣ ፈገግ እያለች ስትቆርጥለት ከረመች። ሪፖርቱን ለሹመት በሚያቀርብበት ቀን፣ በድንጋዩ ፋንታ ከመታጠቢያ ቤት ወለል የተነቀለ ንጣፍ ፍቃ፣ የድንጋዩን ቁጥር ጽፋ ሰጠችው። ቆራጭ የጻፈችውን ቁጥር ማንም አይጠራጠርም።

የቁራጩ ምስል ጎልቶ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ሲወጣ፣ ከኋላ ቆማ ውርደቱን ልትጠግብ ጓጓች። እሱ አንዴ አየና ገባው። ቆራጯ ተሳስታለች ቢል እሱ ይተርፋል፣ እሷ ከሥራ ትባረራለች። ዞሮ ዓይኗን ፈለገ።

«ይህ የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ ነው» አለ። «ውርደቱ ይገባኛል። ግኝቱ የቆራጯ ነው፤ ሰርቄባታለሁ።»

አለቃው ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ሹመቱ እዚያው ቀረ። እሷም ያዘጋጀችውን ሳቅ ትታ ወደ ፊት ወጣች። እውነተኛውን ቁራጭ ከኪሷ አውጥታ፣ ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደወጣ ለተሰበሰቡት አስረዳች። ስሟም በዚያው ተጻፈ።

እሱ በሩ ላይ ጠበቃት።

«ቂምሽ ወጣልሽ?»

«ገና ግማሹም አልተነካም።»

«ስንት ዓመት ይፈጃል?»

«ዕድሜ ልክ ነው። ደግሞ ከአጠገቤ ሳትርቅ ነው የምትቀጣው።»

ይግባኝ አልጠየቀም። በዚያ ዶፍ ዝናብ በአንድ ጃንጥላ ተጠጋግተው ሄዱ።

ዝናቡን እንኳ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ጃንጥላው ግን እውነት ነው።