የሂልካ ሰሜን በር

ሳጅን ኖርማ ሚሻኖ ወደ ምድር ቤቱ ስትወርድ ታውኖ ሃርጁ ከደረጃው ግርጌ በጎኑ ተኝቷል። የሸሚዙ እጅጌ ከትከሻው ተቀዷል። በክፍሉ ማዶ ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው።

ማክሰኞ ነበር። ሬሳውን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያገኘው አማቹ ዳሪል ነው። ከሚስቱ፣ ከታውኖ ልጅ ከኪርስቲ ጋር ከዊኒፔግ ከተማ መጥቶ ነበር፤ ቤቱን አሽጠው አዛውንቱን ወስደው አብረው ሊያኖሩት። ዘጠኝ ተኩል ላይ ወደ ቤቱ መጥቶ የጣራውን በረዶ ሲጠርግ እንደቆየ ተናገረ። ግን እሑድ ዕለት እሱና አማቱ በቤቱ ሽያጭ ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ታውኖ በየሳምንቱ የሚጫወተውን የጦርና የከተማ ግንባታ ጨዋታ ተራውን ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደጨረሰ መዝግቧል። ስለዚህ የተንደር ቤይ ከተማ ሰው ሁሉ ፍርዱን ከኖርማ ቀድሞ ሰጠ።

«አባቴን ሳልቀብር ባሌን ልታስሩብኝ ነው?» አለች ኪርስቲ።

በማግሥቱ የሟቹን እኅት ሌምፒን ጠየቀቻት። ሌምፒ ኖርማን አራተኛ ክፍል ያስተማረች ናት፤ ዛሬም እንደ ተማሪዋ ነው የምታያት።

«ጨዋታው ላይ ሦስታችንም የየራሳችን አገር አለን፣ ልጄ። ማክሰኞ የታውኖ፣ ረቡዕ የእኔ፣ ሐሙስ የጓደኛው የሬይኖ ተራ ነው፤ በዚያው በምድር ቤቱ ኮምፒውተር፣ ሁሉም በየራሱ ምሥጢር ቃል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጨዋታ።»

«ማን ያሸንፋል?»

«እኔ ካለኝ አብዛኛውን ትምህርት ላይ አፈሳለሁ። ሬይኖ ወታደር ላይ። ወንድሜ ግን ሲሶውን ለጎተራ፣ ሲሶውን ለትምህርት፣ ሲሶውን ለጦር። አንድ ቀን ዝንፍ ብሎ አያውቅም።»

«አይሰለችም?»

«እንደ አጃ ገንፎ ይሰለቻል። ግን አንዳችንም አላሸነፍነውም።»

«በታውኖ አገር ውስጥ ሂልካ የምትባለው ከተማስ?»

ሌምፒ መነጽሯን አወለቀች። «ሚስቱ ናት። ባረፈች ሳምንት ከተማ ሠራና በስሟ ጠራት።»

የታውኖ የአርባ ዓመት የባቡር ሥራ ባልደረባ ሬይኖ ሳሎ ብቻውን ነው የሚኖረው። ማድ ቤቱ ውስጥ አንድ ሳህን፣ አንድ ወንበር።

«ማክሰኞ ታውኖ ቤት ነበሩ?»

«በሰው ቀን አይወረድም፣ ሳጅን። ደንባችን ነው። ከዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ጀምሮ የበረዶ ላይ ጨዋታው፣ የኩርሊንግ ሜዳ ነበርኩ፤ ሃያ ሰው አይቶኛል።» ከዚያ ሳይጠየቅ «ዳሪል ክፉ ልጅ አይደለም» አለ፤ ይህን ሲል መሬት መሬት ያይ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኖርማ ባልና ሚስቱን፣ ሌምፒንና ሬይኖን በምድር ቤቱ ሰበሰበች። በእጇ የፖሊስ ባለሙያ ያተመላት የታውኖ የመጨረሻ ተራ አለ።

«ታውኖ በምሥጢር ቃሉ ጨዋታውን ከፍቶ፣ ለምሳ ወደ ላይ የመውጣት ልማድ ነበረው። ተራው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስላለቀ እስከዚያ በሕይወት ነበረ አልን። ተራውን የተጫወተው ሌላ ሰው ቢሆንስ?»

«ማን የሱን ተራ ይጫወታል?» አለች ሌምፒ።

«እርስዎ ሲሶ ሲሶ ያካፍላል አሉኝ። ማክሰኞ ግን ጎተራው ተሟጠጠ፣ ትምህርቱ ቆመ። ሁሉም ሂልካ ላይ ዋለ። በሰሜን በሯ ድርብ ግንብ፣ አሥራ ሁለት ቀስተኛ። በደቡብ የእርስዎ ጦር በግልጽ እየታየ፣ እዚያ አንድ ዘበኛ አልቆመም።»

«በሰሜን ምን አለና? ጫካ ነው።»

«ይክፈቱና ይዩት።»

ሌምፒ ረቡዕ ያልተጫወተችውን ተራዋን ከፈተች። ሰላይ ያልደረሰበት ምድር ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው፤ ጫካው ድፍን ጥቁር ነበር።

«በታውኖም ካርታ እንዲሁ ነው» አለች ኖርማ። «ግንቡን የሠራው ሰው ግን ጫካው ውስጥ ያለውን ያውቃል። ተራዎን ያሳልፉ። አቶ ሬይኖ፣ ቀኑ የእርስዎ ነው።»

ሬይኖ አልተንቀሳቀሰም። ኖርማ ጫካው ውስጥ ያለውን አይታ አታውቅም፤ የገመተችውን ብቻ ይዛ ጠበቀች። በመጨረሻ ሬይኖ ቀርቦ ምሥጢር ቃሉን ጻፈ።

ጫካው ተገለጠ። ሠላሳ ድንጋይ ወንጫፊ ተሰልፎ ፊቱን ወደ ሂልካ ሰሜን በር አዙሯል።

«ይህን ከባለቤቱ በቀር ያየ የለም» አለች ኖርማ።

«ሁለት ወር በስውር ያሰለፍኩት ነው» አለ ሬይኖ። «ዛሬ ልመታ ነበር። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ታውኖ ደወለና ‹ቤቱን ልሸጥ ተስማማሁ፣ ጨዋታውም ይብቃን› አለኝ። እኔ ከዚህ ጨዋታ ሌላ ምን አለኝ? መጣሁ። ሊወርድ ሲል እጅጌውን ይዤ ለመንኩት። ልቀቀኝ ብሎ ተመናጨቀና ከደረጃው ወደቀ።»

«ሰው አትጠራም ነበር?» አለ ዳሪል።

«የሞተ መሰለኝ። ፈራሁ። ተራውን ከተጫወተ በኋላ የሞተ እንዲመስል ብዬ ተቀመጥኩ። አንተ እንደምትመጣ አላወቅኩም።»

«ካወቅክ በኋላስ? ሁለት ቀን ሙሉ?»

ሬይኖ ፊቱን ወደ ስክሪኑ መለሰ።

«ሂልካን ለምን አጠርካት?» አለች ሌምፒ።

«እሱ እዚያ ወድቆ እኔ ከተማዋን ልወስድበት? አልቻልኩም።»

ኖርማ የሐኪሙን ወረቀት ከኪሷ አወጣች። ባታነበው ትወድ ነበር፤ ግን ፍርድ ቤት ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰማው ከእሷ ቢሰማው ይሻላል ብላ አሰበች። «ተራው ስንት ሰዓት ፈጀብዎ?»

«አርባ ደቂቃ። ግንቡ በጥንቃቄ ነው የሚሠራው።»

«ታውኖ ከወደቀ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ተንፍሷል፣ አቶ ሬይኖ።»

ሬይኖ ቀስ ብሎ ዞሮ ከወንበሩ እስከ ደረጃው ግርጌ ያለውን ወለል አየ። አራት እርምጃ አይሞላም። ኪርስቲ የባሏን እጅ ይዛ ተንሰቅስቃ አለቀሰች፤ ባሏ ተርፎላታል፣ አባቷም መትረፍ ይችል ነበር።

ፖሊሶቹ ሊወስዱት ሲወርዱ ሬይኖ «ተራዬን ልጨርስ?» ብሎ ጠየቀ። ኖርማ ፈቀደችለት። አንድም ወንጫፊ ሳይተኩስ ሁሉንም ወደ አገሩ መለሰና አሳለፈ። ሌምፒ ኮምፒውተሩን ልታጠፋ እጇን ዘረጋች፤ ከስክሪኑ ላይ ያለውን ስታነብ ግን እጇን መለሰች።

«ታውኖ፣ ተራህ ነው» ይላል።