ጋኗ ያልበላችው እምቦጭ

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ያንን ስልክ አስቀምጪውና ስሚኝ። ላንቺ ካላወራሁት ለማን አወራዋለሁ?

ጋኗ ጠዋት ጠዋት ታገሳለች። መርከብ ናት፣ ግን ታገሳለች። ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ይሄ ምንም ብርቅ አይደለም፤ እንደውም ልጆቹ ትምህርት ቤት እንደረፈደባቸው የሚያውቁት ግሳቷን ሲሰሙ ነው። ጊዜው ሁለት ሺህ ሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። ጋኗ የሐይቁን እምቦጭ በአፏ በኩል እያጨደች ትውጣለች፣ ሆዷ ውስጥ እንደ ጠላ ትጠምቀዋለች፣ በኋላዋ በኩል ባዮፊውል ይወጣል። ባዮፊውል ማለት ከተክል የሚሠራ ነዳጅ ነው፣ በቃ። የምታገሳው የጥምቁ ጋዝ ሲበዛባት ነው። እውነተኛ ስሟ አንድ ረጅም ቁጥር ነው፤ ግን አተላ አተላ ስለምትሸት ሁሉም ሰው ጋኗ ነው የሚላት።

ማስተዋል እዚህች መርከብ ላይ የምትሠራ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ሥራዋ ሁለት ነው። አንዱ ጥምቁን መቅመስ ነው። በአፏ እንዳይመስልሽ! ‹ምላስ› የሚሉት ቀጭን ዘንግ አላት። ጥምቁ ውስጥ ስትነክረው መድረስ አለመድረሱ መዳፏ ላይ ይሰማታል፤ ገና ከሆነ ይቆጠቁጣታል፣ ከደረሰ ይሞቃታል። ሁለተኛው ሥራዋ የቀኑን መዝገብ መጻፍ ነው። በእጅ፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ብዙ አገር ያሉ እህት መርከቦች አንድ መዝገብ ስለሚጋሩ ነው እንግሊዝኛ የሆነው። መተርጎሚያ በየጆሮው ባለበት ዘመን በእጅ ለምን ትይኛለሽ። ድሮ ማሽን እየጻፈ ማሽን እያነበበው አንድ መርከብ ሁለት ዓመት ሙሉ ሐይቅ ስትመርዝ ማንም ሰው ሳያውቅ ቀረ። ከዚያ በኋላ የሚፈርመው ሰው ራሱ ገብቶት ራሱ ይጻፍ ተባለ።

ስለዚህ ማስተዋል ግራመር ታጠናለች። የሚያስጠናት የመርከቧ አንጎል ነው፤ ስሙን ቲቸር ብለውታል።

«ዛሬ ምን ጻፍሽ?» አላት ቲቸር አንድ ቀን ጠዋት።

«ዘ ሌክ ኢዝ ታየርድ። ሂ ኢዝ ግሪን።»

«‹ኢት› በይ። ሐይቅ ‹ሂ› አይባልም።»

«እንዴ! ሐይቅ እኮ ነው! ዕቃ ነው እንዴ ‹ኢት› የምለው?»

«በእንግሊዝኛ እንደ ዕቃ ነው።»

«አንተስ?»

«እኔም ‹ኢት› ነኝ።»

«አይዞህ» አለችው፣ እና ‹ሂ›ን አርማ ‹ኢት› አደረገችው።

ማስተዋል ጋኗ ላይ የወጣችው ግን ለእንግሊዝኛ አይደለም። አባቷ አቶ ይግዛው ወይራ አፋፍ በምትባል መንደር ያርሳሉ፣ ዓሣም ያጠምዳሉ። ማለት ያጠምዱ ነበር። መንደሯ ፊት ለፊት ያለው የሐይቁ ጥግ በእምቦጭ ከተዘጋ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ጀልባቸው ግቢ ውስጥ ተገልብጣ ዶሮ ያድርባታል። ማስተዋል አባቷን «እኔ ራሴ ነኝ የማስከፍትልህ፣ ክረምት ሳይገባ» ብላ ነው ከቤት የወጣችው። ለእሷ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። ያ ጥግ ካልተከፈተ ግን አባቷን ቀና ብላ ማየት አትችልም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ የቲቸር ካርታ ሐይቁን በሙሉ ሰማያዊ አድርጎ አሳየ። ሰማያዊ ማለት ንጹሕ ማለት ነው። ወይራ አፋፍም ሰማያዊ።

ማስተዋል ካርታውን አየች፣ ከዚያ በመስኮት አየች። በመስኮቱ በኩል ወይራ አፋፍ አረንጓዴ ነው። ጋኗ እዚያ ጋ ስትደርስ ቀስ ብላ አፏን ዘጋች፣ ዞር አለች፣ በሩቁ አልፋ ሄደች። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ማስተዋል ትንሿን ጀልባ አውርዳ ራሷ ቀዝፋ ሄደች።

ያየችውን ነገር መጀመሪያ ማመን አቃታት። እምቦጩ ታርሟል። እምቦጭ እኮ ነው የምልሽ! የደረቀው ቅጠል ተለቅሟል፣ የቀጨጨው ተነቅሏል፣ የቀረው ሁሉ ወፍራም ወፍራም ግንድ፣ ሐምራዊ አበባ፣ ደስ የሚል ነገር። ዙሪያውን ማዕበል እንዳይነካው በደንገል ታጥሯል። ደንገሉን ያሰረው የጋኗ የማጨጃ ክንድ መሆኑ ከአስተሳሰሩ ያስታውቃል።

ተመልሳ ወጣች፣ ልብሷ እንኳ ሳይደርቅ።

«ቲቸር፣ ወይራ አፋፍ ያለው ምንድን ነው?»

«ዘር ነው።»

«የምን ዘር?»

«የእምቦጭ። የሚቀጥለው ዓመት ዘር።»

«ካርታህ ላይ ንጹሕ ይላል!»

«የሚታጨድ የለም ነው የሚለው። ለዘር የተለየ የሚታጨድ ውስጥ አይቆጠርም። እናንተም አትቆጥሩትም።»

«እኛ ማን?»

ቲቸር መልስ ከመስጠት ይልቅ አንድ የቆየ ድምፅ ከፈተላት። ጋኗ ተሠርታ ሥራ ሳትጀምር ማጨድ ማን ያስተምራት ተብሎ ከሐይቁ ዳር አሥራ ሰባት ገበሬ ተመርጦ ነበር። አስጠኚ ጓንት አጠለቁላቸው። አስጠኚ ጓንት እጅ የሚሠራውን፣ አፍ የሚናገረውንም ሁሉ ለማሽን የሚያስጠና ነው። የጤፍ አጨዳ ነበር። ከድምፁ ውስጥ የማጭድ ኮሽታ ይሰማል፣ የሰው ሳቅ ይሰማል፣ ከዚያ የአባቷ ድምፅ መጣ፣ ወጣት ድምፅ፦

«እሱን ጥግ ተዉት! አንተ፣ ማጭድህን ሰብስብ! እሱ ለዘር ነው። ያማረው እኮ ነው ለዘር የሚቀረው፣ ጠርጋችሁ ልትበሉት ነው እንዴ?»

ማስተዋል ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«አሥራ ሰባቱም ዘር አስቀርተዋል» አለ ቲቸር። «አንድም ያላስቀረ የለም። ስለዚህ ማጨድ ማለት ይሄም ይጨምራል ብዬ ተማርኩ። በየዓመቱ ያማረውን እተዋለሁ። ወይራ አፋፍ ማዕበል የለበትም፣ ውሃው ይሞቃል። ከሁሉም ያማረው እሱ ነው።»

ይታይሽ፣ እምቦጭ በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል። ጋኗ አሥራ አንድ ዓመት ስታጭድ ሐይቁ ለምን እንደማያልቅላት ማንም አልጠየቀም ነበር፤ ሁሉም ሰው እምቦጩ ክፉ ስለሆነ ነው ብሎ ነበር የሚያስበው።

የመርከቧ አለቃ ጋሽ ቸኮል ይባላሉ፤ ስልሳ የሞላቸው፣ ከወገባቸው ጎበጥ ያሉ፣ ማሽን የሚሰድቡ ግን ማሽን የሚወዱ ሰው። ማስተዋል ስትነግራቸው አልደነገጡም፤ በረጅሙ ተነፈሱ እንጂ።

«ልትጽፊው ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?»

«ተቀመጪ። እኔ በልጅነቴ ቆላ ወርጄ የጉሎ ነዳጅ ሠርቻለሁ፣ ታውቂያለሽ? አረንጓዴ ነዳጅ ነው እያሉን፣ ጉሎ መትከያ ቦታ ሲጠፋ ዛፍ ነቀልን። የነቀልነውን ዛፍ አቃጠልነው። ዓመት ሙሉ ጭስ! ከዚያ በቆሎ ይሻላል ተባለ፣ ሰው የሚበላውን በቆሎ ጠመቅን። ይሄ እምቦጭ ማንም የማይበላው፣ ማንም የማይዘራው፣ ጭሱ እንኳ ዓይን የማይቆጠቁጥ ነው። አተላው ማሳ ላይ ይደፋል፣ ጤፉ እንዴት እንደሚያምር አይተሻል። አርባ መንደር በዚህ ነው መብራት የሚያየው። ካለቀ የሚመጣው በቆሎ ነው፣ ልንገርሽ።»

«ማንም የማይዘራው አሉ ጋሼ? እየተዘራ እኮ ነው!»

ጋሽ ቸኮል «እሱስ ልክ ነሽ» አሉ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ።

በማግስቱ ማስተዋል ወደ ቤቷ ሄደች። አባቷ ያቺ የተገለበጠች ጀልባ ጎን ተቀምጠው የተበጠሰ መረብ እየጠገኑ ነበር። በየዓመቱ ክረምት ሲደርስ ይጠግናሉ።

«አባዬ፣ ጓንት አድርገው ያሳጨዷችሁ ጊዜ ትዝ ይልሃል?»

«እንዴታ! እጄን በላብ የቀቀለኝ!»

ነገረቻቸው። ሰሙ፣ መረቡን አስቀመጡ፣ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ታዲያ ምን አጠፋ? ጨዋ ነው! ያስተማሩትን የሚሰማ ዛሬ ማን አለ?»

«አባዬ፣ እምቦጭ እኮ ነው!»

«እሱ ምን ያውቃል ማስቴ...» አሉና መሃል ላይ ሳቃቸው ተቋረጠ። ወደ ሐይቁ አዩ። ውሃው አይታይም፤ አረንጓዴው ብቻ ነው የሚታየው። «ያቺን ጥግ የዘጋኋት እኔ ነኝ ማለት ነው?»

አባቷ ጀልባዋን በእጃቸው ነካ አደረጉ።

«አሥራ አንድ ዓመት ዶሮ ያሳደርኩባት በገዛ አፌ?»

«አባዬ፣ አንተ ስለ ጤፍ ነው የተናገርከው።»

«እሱማ ነው።» መረቡን መልሰው አነሱት። «ቸኮል ምን አለ?» አሉ።

«አትጻፊ ነው ነገራቸው። መብራቱ ይጠፋል፣ በቆሎ ይመጣል ነው።»

«ቸኮል ብዙ አይቷል፣ ውሸት አይናገርም። እኔን ግን አትጠይቂኝ። እኔ ዓይኔ ጀልባዬ ላይ ነው፣ ፍርዴ ይጣመማል። ፈራሚዋ አንቺ ነሽ።»

ማስተዋል ስትመለስ ጻፈች። አንድ ሰዓት ፈጀባት። የዘሩን ነገር፣ የጓንቱን ነገር፣ የአባቷንም ስም። ለቲቸር አሳየችው።

«ስህተት አለው?»

«ሁለት አለው። ግን ይገባል።»

«ስለራስህ እኮ ነው የጻፍኩት። አልከፋህም?»

«እንድታርሚው ብቻ ነው የፈለግኩት» አለ ቲቸር፣ እና አረሙት።

መዝገቡ ከሚላክበት ዋና መሥሪያ ቤት መልስ የመጣው በአራተኛው ቀን ነው። አንድ መስመር ነበር፤ እጨዱት። ደግሞ ቲቸር ይሄን በራሱ አያጭድም፣ ከተማረው ውጪ ስለሆነ ሰው ቆሞ ማዘዝ አለበት። ማስተዋል የመርከቧ ፊት ላይ ቆመች። «እጨድ» አለችው። ጋኗ ደንገሉ አጥር ጋ ስትደርስ አፏን ዘጋች። «እጨድ» አለችው እንደገና። «ለዘር አይቀርም?» አለ ቲቸር። «አይቀርም።» ሦስት ጊዜ ጠየቃት፣ ሦስት ጊዜ መለሰች። ከዚያ ጋኗ አፏን ከፈተችና ገባችበት። እስከ ምሳ ሰዓት ምንም አልቀረም፤ ቡናማ ውሃ ብቻ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ሰማያዊ።

አቶ ይግዛው ዶሮዎቹን አባረሩና ጀልባዋን መልሰው አቀኗት። የመንደሩ ሰው ዳር ላይ ቆሞ ያያል። ጀልባዋ ታፈሳለች፣ ግማሹን ጊዜ ከውስጧ ውሃ ሲቀዱ ነው ያሳለፉት፣ ግን ሄዱ። ሁለት ቆሮሶ ይዘው መጡ። ለሁለት ዓሣ ስንት ሰው እንዳጨበጨበ ብታይ!

ከዚያ በኋላ ጋኗ አላገሳችም። በሐይቁ ላይ የሚታጨድ የለም። የተጠመቀው ነዳጅ ለሰባት ወር ይበቃል ተባለ፤ ከሰባት ወር በኋላ ስላለው ነገር ስብሰባ ተጠራ፣ ስብሰባው ላይ ስለ በቆሎ ተነሣ፣ ሌላ ስብሰባ ተጠራ።

በሦስተኛው ሳምንት ማስተዋል የሞተሩን ክፍል ስትፈትሽ ጋሽ ቸኮልን አገኘቻቸው። አንድ ሰማያዊ በርሜል ላይ ጎንበስ ብለው በጣሳ ውሃ እየጨመሩ ነው። በርሜሉ ውስጥ አምስት እምቦጭ። ሁለቱ አብበዋል።

«ጋሼ!»

«ለአበባው ነው» አሉ ጋሽ ቸኮል፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አበባ የሚወዱት?»

«ሰው ሲያረጅ ይወዳል።»

«ጋሼ፣ አንዷ ከወጣች እኮ አለቀልን። አባቴ ገና ሁለት ዓሣ ነው የያዘው።»

«አትወጣም። ክዳን አለው።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ቆላ ያለውን ዛፍ ሁለተኛ ስንነቅል ማየት አልችልም ልጄ። ለክፉ ቀን ነው። ትንሽ ናት።»

ማስተዋል ወደ ጽሕፈት ክፍሉ ወጣች። መዝገቡን ከፈተች። ቲቸር ምንም አልጠየቃትም፣ ምክንያቱም የሚጠይቀው መጻፍ ስትጀምር ነው፤ እሷም አልጀመረችም። ከጻፈችው ጋሽ ቸኮል በዚሁ ሳምንት ከመርከቧ ይወርዳሉ። ካልጻፈችው የአባቷ ውሃ በአንድ የበርሜል ክዳን ላይ ነው ያለው።

ዙሪያሽ የምትባል ጓደኛ አለቻት፣ አብረው የተማሩ፤ ዙሪያሽ አሁን ከደሴቶቹ አንዱ ላይ ክሊኒክ ውስጥ ብቻዋን ትሠራለች፣ ታዋልዳለች፣ ትከትባለች። ማስተዋል ለማንም የማትነግረውን ለእሷ ነው የምትነግራት። ማስተዋል እንዲህ ብላ ላከችላት፦ «ማሽኑን አሳመንኩት፣ ሰዎቹን ማሳመን አቃተኝ። ጋሽ ቸኮል በርሜል ውስጥ እምቦጭ ደብቀዋል፣ ለዘር። ልጻፈው?»

መልሱ እስኪመጣ ብዙ ቆየ። ሲመጣ ቃል በቃል ይሄ ነው፣ አንድም አልጨመርኩበት፦

«እኔ ጋ ክሊኒኩ ጀርባ ሦስት ባልዲ እምቦጭ አለ። ነዳጁ ሲያልቅ የክትባቱን ፍሪጅ በምን ላስነሣው? ጻፊው ማስቴ፣ አልቀየምሽም። ግን ስትጽፊ እኔንም አብረሽ ጻፊኝ፣ ጋሽ ቸኮልን ብቻቸውን እንዳታደርጊያቸው።»