ገዢ ያጣ ቤት

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው። ጣራ ላይ ወጥቼ የላላ ቆርቆሮ እመታለሁ፤ ደላላው ከታች ሆኖ ገዢውን ያግባባል።

«ባለቤቷ ቸኩላለች... ዋጋውን ዝቅ አድርገህ ጥራ፣ ትሰጥሃለች!»

«ሰምቼሃለሁ እኮ!» አልኩት መዶሻዬን እንደያዝኩ።

ቀና ሲል ፊቱ በርበሬ መሰለ። ገዢው እየሳቀ ሄደ። ደላላው ግን ቀርቶ መሰላሉን ያዘልኝ።

«ይቅርታ እህቴ... ምላሴ ቀደመኝ።»

«እንግዲያው ከቤቱ በፊት እሷን ሽጣት!»

ቤቱ የአባቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ከተማችን የምትተነፍሰው በጨርቃጨርቅ ፋብሪካው ነበር። የቤት ገበያ የወደቀ ጊዜ እሱም ተዘጋ፤ ጎረቤቱ በሩን እየቆለፈ ሄደ። አሁን ራዲዮው «የቤት ገበያ አገገመ» ይላል። አዎ፣ በትልቁ ከተማ ዋጋው እንደ እሳት ይፋጃል። እኛ ጋ ግን ገና አልጋ ላይ ነው!

እናቴ ደግሞ ለኩላሊት እጥበት እዚያው ትልቁ ከተማ ናት። በእህቴ ጠባብ ቤት፣ ኮሪደር ላይ ትተኛለች። ይሄን ሸጬ አንዲት ክፍል ልገዛላትና እዚያው አብሬያት ልኖር ነበር ሐሳቤ።

ደላላው ሰው ያመጣል፤ ሰውዬው አይቶ ይሄዳል። «ቤቱስ ጥሩ ነበር፣ ሰፈሩ ሞቷል» ይላሉ። መስማት ሰለቸኝ። አንድ ቀን ብቻውን መጣ።

«ገዢው የታለ?»

«የለም። እኔው ልይ ብዬ ነው።»

«ቤቱን?»

ከጣራው ይልቅ እኔን አየ። እኔም ቡና ላፈላ ገባሁ... ልቤ ግን አብሮኝ አልገባም።

ከዚያ አንድ ጡረተኛ ሾፌር መጣ። ግድግዳውን ዳሰሰ፣ ፈገግ አለ፣ «ነገ እንጨርስ» አለኝ። በነጋታው ቀረ። ጎረቤቴ በአጥር በኩል ጠራችኝ።

«ደላላሽ ነው ያባረረው! የጓዳው ግድግዳ በክረምት ውሃ ያስገባል ብሎ ነገረው።»

ደሜ ፈላ። መናኸሪያው በር ላይ አገኘሁት።

«እንዳልሄድብህ ነው አይደል?»

«አይደለም።»

«ደላላ ሆነህ እውነት መናገር ዛሬ ትዝ አለህ?!»

«ሰውዬው ያለችው ገንዘብ ያችው ናት። ዝናቡ ሲገባበት አንቺን ነው የሚረግመው።» ድምፁ ተሰበረ። «እንዳትሄጂማ እፈልጋለሁ... ግን ለእኔ ደስታ ብዬ እናትሽን ኮሪደር ላይ አላስተኛም።»

 ደህና ዋል ሳልለው ተመለስኩ።

ግድግዳውን በገዛ እጄ ለሰንኩት። ማንም አልመጣም። ራዲዮው ዳግም «አገገመ» ሲል ገመዱን ነቀልኩት። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ለቤቱ ይሁን ለእሱ እንጃ።

ሳምንታት አልፈው በሩ ተንኳኳ። ደላላው ከአንድ አስተማሪና ከሚስቱ ጋር ቆሟል።

«ገዢ አይደሉም። ተከራይ ናቸው።»

«የዚህ ኪራይ ትልቁ ከተማ ለበሩ እንኳ አይበቃም!»

«የጎደለውን እኔ እሞላለሁ።»

«እዚህ ሆነህ?»

«እዚያ ሆኜ... ከፈቀድሽ።»

አስተማሪው የጓዳውን ግድግዳ የሚያይ መሰለ። ሚስቱ ግን እኛን ነበር የምታየው።

«እዚያ ማን ያውቅሃል? የደላላ ሀብቱ መታወቁ ነው።»

«አንቺ ታውቂኛለሽ።»

ቤቱን ለአስተማሪው አከራይተን ተጋባን። በትልቁ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራየን። መሐሏን በመጋረጃ ከፍለን የመስኮቱን ወገን ለእናቴ ሰጠናት። ባሌ ቀኑን ሙሉ እኛ የማንገባባቸውን ቤቶች ሲያስጎበኝ ይውላል፤ እግሩ አብጦ ይመጣል። የአባቴ ቤት እስከ ዛሬ አልተሸጠም። ያናድደኛል፣ አልዋሽም።

አንድ ምሽት ባሌ ያን ቀን ያጋጠመውን ቁንን ያለ የቤት ባለቤት እያስመሰለ ያጫውተኛል። ሳቄን ላፍን ብሞክር አቃተኝ። መጋረጃው ተነቃነቀ።

«ቀሰቀስንሽ እማዬ?»

«አልተኛሁም» አለች። «ቀጥሉ እንጂ ልጆቼ... ሳቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!»