ነጯ ወይስ ጥቁሯ

ኑርሃን የጋራዡን በር ገፍታ ስትገባ አባቷ የመጨረሻ ቃሉን እየሰጠ ነበር።

«ጥቁሯን ውሰዱ» አለ ሷሊሕ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ሞተሯ ንጹሕ ነው፤ አንዲት ኮሽታ አይሰማበትም። ነጯም መጥፎ አይደለችም፣ ፈጣን ናት። ግን ሞላዋ ደረቅ ነው፤ ለዚህ አገር መንገድ ጀርባ ትመታለች።»

ኑርሃን በሩን እንደያዘች ቀረች። ከትምህርት ቤት የመጣችው እየሮጠች ነው። የሒሳብ አስተማሪው ከደወል በኋላ ሃያ ደቂቃ አቆይተዋቸው ነበር። ጠዋት አባቷ «አንቺ ሳትመጪ ኮፈን አላስከፍትም» ብሏት ነበር። አስከፍቷል።

ሁለቱ መኪኖች ከኒሙ ዛፍ ሥር ጎን ለጎን ቆመዋል። ነጯ ቢኤምደብሊው፣ ጥቁሯ መርሴዲስ። ከየፋብሪካቸው የቅንጦት መኪኖች ትንንሾቹ ናቸው ይባላል፤ ለሸዋ ሮቢት ግን ትንሽ አልነበሩም። ውጭ ሦስት ባጃጆች ቆመው ሾፌሮቹ በአጥሩ ቀዳዳ ፎቶ ያነሳሉ። መኪኖቹን ከአዲስ አበባ ያመጣቸው ተመስገን የሚባል ደላላ ሲሆን፣ ገዢው ጋሽ ዘውዴ ነው። ሽንኩርትና ማሾ በአይሱዙ እያስጫነ የሚነግድ ሰው ነው። ልጁ ኢየሩሳሌም ዘንድሮ ሐኪም ሆና ደብረ ብርሃን ተቀጥራለች፤ ተማሪ ሳለች መኪና ሊገዛላት የገባላት ቃል ነበርና ዛሬ ሊፈጽም ቆርጦ መጥቷል።

«እኔ እኮ ልቤ ነጯ ላይ ነበር» አለች ኢየሩሳሌም። «መሪዋን ገና ሳስበው ትታጠፋለች። ጥቁሯ ሶፋ ላይ የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ።»

«ሶፋ ምን አደረገሽ?» ጋሽ ዘውዴ ሳቀ። «ሷሊሕ ካለ አለቀ። ሃያ ዓመት የእኔን አይሱዙዎች ሲሠራ ተሳስቶ አያውቅም።»

«አቦ ይመችህ ጋሼ!» አለ ተመስገን፤ የውሉን ወረቀት አውጥቶ በነጯ መኪና ጀርባ ላይ ዘረጋው።

የሷሊሕ ዓይን መድከም የጀመረው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። መጀመሪያ ከጎኑ የሚመጣ ሰው ድንገት እየተገተረበት ይደነግጥ ነበር፤ ቀጥሎ ብሎን ከእጁ ሲወድቅ ፈልጎ ማግኘት አቃተው። የመረመረው ሐኪም የዓይኑ ግፊት ነርቩን እንደጎዳው፣ የሄደው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን በጠብታ ማቆየት እንደሚቻል ነገረው። አሁን የቀረው በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ያለ ነው፤ እሱም ጭጋግ ለብሷል።

ይህን የሚያውቁት ኑርሃንና እናቷ ብቻ ነበሩ። ኑርሃን ከትምህርት ቤት በቀጥታ ጋራዥ ትመጣለች። «አባዬ፣ ዘይቱ ጠቁሯል አይደል?» ትለዋለች። «አዎ፣ ጠቁሯል» ይላል። «ይሄ የሞተሩ ቺንጊያ ተሰንጥቋል አይደል?» «ተሰንጥቋል።» ደንበኛ የሚሰማው የምትማር ልጅ ጥያቄ ነው። «ሷሊሕ ሴት ልጁን ሙያ እያስተማረ ነው» ብለው ያደንቁታል፤ እሱም አንገቱን ይደፋል። የቀረውን እጁና ጆሮው ይሠሩታል። ጆሮው ደግሞ የተመሰከረለት ነው። የታመመ ሞተር አጥር ውጭ ሆኖ ይለያል።

የጥቁሯ መኪና ኮፈን አልተዘጋም ነበር። ኑርሃን ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ጎንበስ አለች። ሞተሩ ታጥቦ ያበራል። በግራ በኩል ግን የጎማውን መከለያ ፓራፋንጎውን የያዙት ብሎኖች ራሳቸው ላይ ቀለማቸው ተላልጧል። ቁልፍ ገብቶበት የተፈታ ብሎን እንዲህ እንደሚሆን ያስተማራት ራሱ አባቷ ነው። የጠርዙን ላስቲክ በጣቷ ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ የመኪናዋን አካል በተሸከመው ሻንሲ ላይ፣ ጥቁር ቀለም የተረጨበት ብየዳ እንደ ጠባሳ ተጎርብጦ ይታያል። ጠጋ ብላ ስታይ ከብየዳው ጠርዝ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። መኪናዋ ፊቷ ተሰብሮ፣ ከሌላ መኪና በተቆረጠ ብረት ነበር የተቀጠለችው።



«አባዬ፣ አንድ ጊዜ ና» አለችና እጁን ይዛ አሮጌ ጎማዎች ወደተደረደሩበት ጥግ ወሰደችው።

«ምን አየሽ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ጥቁሯ ተበይዳለች። በግራ በኩል፣ ሻንሲዋ ላይ። ብየዳው መሰንጠቅ ጀምሯል።»

ሷሊሕ ፊቱ ልውጥ አለ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«ወላሂ አባዬ። እጅህን ልውሰደውና ንካው።»

ከኋላቸው ጋሽ ዘውዴ እስክርቢቶ ሲጠይቅ ይሰማል። «ባትሪ አብርቼ እያየሁ ነው ብያቸዋለሁ» አለ አባቷ በመጨረሻ። «ስላጣደፉኝ አንቺን ሳልጠብቅ ኮፈን ሥር ሩብ ሰዓት ቆሜያለሁ። አሁን ብመለስ፣ ይሄን የሚያህል ብየዳ እንዴት አላየህም ይሉኛል። ምን እላለሁ?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ዝም በይ!» ክንዷን ጨበጠው። «ዛሬ ዝም በይ። ነገ ደውዬ ለዘውዴ አንድ ሰበብ ፈጥሬ እነግረዋለሁ። ይመልሳታል።»

አባቷ ጨርሶ እንዲህ ብሎ አያውቅም። ሌላ ጊዜ ያልጠበቀ ጎማ ይዞ የሚወጣ ሾፌር ካየ መንገድ ላይ ሮጦ የሚያስቆም ሰው ነበር። አሁን ድምፁ ይለምናል። ኑርሃን ከልመናው ይልቅ ቁጣው በተሻላት ነበር።

«እሺ በይኝ» አለ።

«እሺ» አለች።

ሲመለሱ ጋሽ ዘውዴ ወረቀቱ ላይ አጎንብሷል። ኢየሩሳሌም የጥቁሯን መኪና ቁልፍ ጣቷ ላይ ታሽከረክራለች። «በቃ ሶፋዬን ይዤ ልንቀሳቀስ» አለች እየሳቀች። «ዛሬ ተረኛ ነኝ፤ ጣርማ በርን ጉም ሳይወርድበት ማለፍ አለብኝ።»

ጣርማ በር። ኑርሃን ያን ወደ ደብረ ብርሃን የሚያወጣ ዳገት ለአባቷ ሕክምና ስትሄድ በአውቶቡስ መስኮት አይታዋለች። ከአስፋልቱ ጠርዝ ቀጥሎ ያለው ገደል ብቻ ነው። ነገ የሚባል ነገር እንደሌለ ገባት። አባቷን አየችው። ወደ ኢየሩሳሌም ድምፅ ፊቱን አዙሮ፣ ከንፈሩን ነክሶ ቆሟል፤ ጣርማ በርን እሱም ሰምቷል።

«ጋሽ ዘውዴ፣ አይፈርሙ» አለች።

ሁሉም ዞሩ።

«ጥቁሯ ፊቷ ተበይዷል። ሻንሲዋ እየተሰነጠቀ ነው።»

«ምን ትላለች ይቺ?» ተመስገን ብድግ አለ። «አንቺ ደግሞ ማነሽ? መካኒኩ ጨርሷል እኮ!»

ኑርሃን ላስቲኩን ገልጣ አሳየቻቸው። ኢየሩሳሌም ስልኳን አብርታ አየችና ቁልፉን ቀስ ብላ የመኪናዋ ጣሪያ ላይ አስቀመጠችው። ተመስገን ባለቤቱ እንዳልነገረው፣ እሱ ደላላ ብቻ እንደሆነ ማስረዳት ጀመረ። ማንም አልሰማውም። ጋሽ ዘውዴ የሚያየው ሷሊሕን ነበር።

«ሷሊሕ? ይሄን አላየኸውም?»

«እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ» አለች ኑርሃን ቶሎ ብላ። «በዚህ በኩል እኔ እንድፈትሽ ነግሮኝ ነበር። አርፍጄ ነው።»

«አትዋሺልኝ፣ ልጄ» አለ አባቷ።

እንደዚያ ጸጥ ያለ ድምፅ ጋራዡ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። ሷሊሕ ዘውዴ ወዳለበት ሁለት እርምጃ ተራመደ። ትከሻውን ሊይዘው እጁን ዘረጋ፤ እጁ ግን ከትከሻው አንድ ክንድ ርቆ አየሩን ጨበጠ።

«አላየሁትም፣ ዘውዴ። ማየት ካቆምኩ ቆየሁ።»

ጋሽ ዘውዴ የተዘረጋውን እጅ ያዘው። ግን ወዲያው አንድ ነገር ትዝ ያለው ይመስል ፊቱ ጠቆረ። «ባለፈው ወር የአይሱዙዬን ፍሬን… ሾፌሬን ይዞ ያን ቁልቁለት የወረደው መኪና…»

«እሷ ናት ያየችው። እያንዳንዱን።»

«ልትነግረኝ ይገባ ነበር።» የዘውዴ ድምፅ ተሰበረ። «እኔን እንኳ። ሃያ ዓመት ሙሉ!»

ኢየሩሳሌም ጠጋ ብላ፣ «ጋሽ ሷሊሕ፣ የታዘዘልዎት የዓይን ጠብታ ካለ አላቋረጡም አይደል?» ስትለው የሷሊሕ ዓይኖች ሞሉ፤ በዚያው የዘይት ጨርቅ ጠረጋቸው። ያን ቀን ኑርሃን ነጯንም ከፈተሸችላቸው በኋላ ጋሽ ዘውዴና ልጁ እሷን ይዘው ሄዱ። ጋሽ ዘውዴ ሲወጣ ለሷሊሕ «ደህና ዋል» አለው እንጂ እንደ ሌላ ጊዜው አልቀለደም።

ወሬው ከባጃጅ ባጃጅ ዞረ። በሳምንቱ ጋራዡ የሚመጣ መኪና ጠፋ። ክፉ የተናገረው ሰው የለም፤ «ሷሊሕን እንዳናስቸግረው» ነበር የሚሉት። በሁለተኛው ሳምንት ሸሪፍ የሚባለው የቀድሞ ተማሪው ጋራዡን ተረከበ። «ጋሼ፣ ወንበርዎ አይነሳም፤ መጥተው ጆሮዎን ብቻ ያውሱኝ» ብሎ ለመነው። ሷሊሕ «ኢንሻአላህ» አለው፤ አልሄደም። ቤቱ ግቢ ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጦ መንገድ ላይ የሚያልፉትን ሞተሮች ያዳምጣል። ከኑርሃን ጋር አይነጋገርም። ሰላምታ ይመልሳል፤ ያ ነው። ጁምዓ እንኳ ሲደርስ ቤት መስገድ ጀመረ።

እሷም ከትምህርት ቤት ስትወጣ የምትሄድበት ጠፋት። አንዳንዴ እግሯ በልማድ ወደ ጋራዡ ይወስዳትና ኒሙ ጋ ስትደርስ ትመለሳለች። ጓደኛዋ ሕይወት፣ «አቦ ልክ ነው የሠራሽው፤ ሰው ይሞት ነበር እኮ» ትላታለች። ኑርሃን በአዎንታ ራሷን ትነቀንቃለች። ልክ መሆኑን ታውቀዋለች። ልክ መሆኑ ግን ቤት ስትገባ ማንጎው ሥር ያለውን ዝምታ አያስቀረውም።

በአራተኛው አርብ ስትመለስ አባቷ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። አገጩ ላይ ሲላጭ የቆረጠው ቦታ ደም ቋጥሯል።

«ሦስት ጁምዓ አለፈኝ» አለ። «ታደርሺኛለሽ?»

«እሺ፣ አባዬ።» ክንዷን ሰጠችው። ክብደቱ ቀለል አላት፤ ከስቷል። «በየት በኩል ልውሰድህ?»

«አንቺ እንዳየሽው።»

ወደ መስጊዱ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከቤቶቹ ጀርባ በጓሮ በኩል ይወስዳል፤ ጥላ አለው፣ ሰው የለበትም። ሁለተኛው ዋናው አስፋልት ነው፤ የባጃጅ ተራው፣ ሻይ ቤቶቹ፣ ሃያ ዓመት መኪናቸውን የሠራላቸው ሰዎች ሁሉ እዚያ ናቸው። ኑርሃን መገንጠያው ላይ ቆመች። የፀሐዩ ትኩሳት ከመሬት ይነሳል። አባቷ አላጣደፋትም።

ወደ አስፋልቱ ዞረች።

እግሩ ጠጠሩን ለቆ ጠንካራውን መንገድ ሲነካ ሷሊሕ ቀጥ አለ። ክንዷ ላይ ያሉት ጣቶቹ ሲጠብቁ ተሰማት። ኑርሃን ሳትጎትተው ጠበቀችው። ከዚያ ተራመደ።

«ሷሊሕ!» አለ አንድ ድምፅ ከባጃጆቹ መካከል። «አሰላሙ ዐለይኩም!»

አባቷ ፊቱን ወደ ግራ አዞረ። እዚያ ማንም አልነበረም።

«በቀኝህ ነው፣ አባዬ» አለች ኑርሃን፣ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ። «ሙሳ ነው። ባጃጁ ላይ ተቀምጧል፤ እጁን አንስቶልሃል።»

ሷሊሕ ወደ ቀኝ ዞሮ እጁን አነሳ።